ሙቀት ሲገባ በሀዋሳ፦ ስለ ደማቅ ልብስና ስለ ቀላል ውሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከየካቲት ጀምሮ ስለ አለባበስና ስለ ሐይቅ ዳር ውሎ በብዛት የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

ወፍራሙን ልብስ መቼ ላስቀምጥ?

በሀዋሳ ሙቀቱ የሚበረታው በየካቲትና በመጋቢት ነው። ያኔ ቀትር ላይ 30 ዲግሪ መድረሱ እንግዳ አይደለም። ለኅዳርና ለታኅሣሥ ሌሊት የወጣው ወፍራም ሹራብ ከጥር መጨረሻ በኋላ ታጥቦ ቢገባ አይቆጭዎትም። አንድ ስስ ሹራብ ግን ደጅ ይቅር። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አየሩ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ደግሞ የበልግ ዝናብ ሳይታሰብ ስለሚመጣ ጃንጥላውንም አያርቁት።

ደማቅ ከለር ለብሼ አላውቅም። በምን ልጀምር?

በአንድ ልብስ፣ ያውም ከወገብ በላይ በሚለበስ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ቀይ ጫማ ወይም ቢጫ ሱሪ ይገዛና ሁለቴ ለብሶ ይተወዋል። ሱሪው ከሌላው ልብስ ጋር አልሄድ ይላል፣ ጫማው ደግሞ ሰው ፊት ሳይሆን እግር እንዲያይ ያደርጋል። ደማቅ ቀለም ሥራውን የሚሠራው ፊት አጠገብ ሲሆን ነው። ስለዚህ ያለዎትን ጅንስ ወይም ጥቁር ጉርድ ሳይቀይሩ ላዩን ብቻ ይቀይሩ፤ ብርቱካናማ ሸሚዝ፣ የሣር አረንጓዴ ቲሸርት፣ ቢጫ ሻሽ።

በአነስተኛ ወጪ መሞከር ከፈለጉ ሻሽ ወይም እስካርፍ ይግዙ። ባይስማማዎት ቦርሳ እጀታ ላይ ታስሮ ያገለግላል።

የሚስማማኝን ከለር በምን አውቃለሁ?

ጠዋት ፊትዎን ታጥበው፣ ምንም ሳይቀቡ፣ ከመስኮት አጠገብ መስታወት ፊት ይቁሙ። አምፖሉን ያጥፉ፤ የአምፖል ብርሃን ቢጫ ወይም ሰማያዊ እየጨመረ ያሳስታል። ቤት ውስጥ ያሉትን ጨርቆች፣ ፎጣም ቢሆን፣ በየተራ አገጭዎ ስር ይያዙ። ማየት ያለብዎት ጨርቁን ሳይሆን ፊትዎን ነው። ከዓይን ስር ያለው ጥላ ከጎላ፣ ከንፈርዎ ከገረጣ ቀለሙ አልተስማማም። መጀመሪያ ዓይንዎ ያረፈው ፊትዎ ላይ ከሆነ ግን ተስማምቷል።

ጠይምና ጥቁር ለሆነ ሰው ጠንካራ ቀለሞች፣ ማለትም የሱፍ አበባ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ደማቅ ሰማያዊ፣ እጅግ ያምራሉ። ቀይ ለሚባለው ሰው ጥልቅ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ይበልጥ ያስኬዳሉ። ለማንም ሰው የሚያስቸግረው ከራሱ ቆዳ ጋር የሚመሳሰል ቡኒ ወይም ካኪ ነው፤ ልብሱና ፊቱ አንድ ላይ ይደበዝዛሉ። ይህ ሕግ አይደለም። የመስኮቱ ሙከራ ሌላ ካሳየዎት መስኮቱን ይመኑ።

በአንድ ጊዜ ስንት ከለር ልልበስ?

ሦስት ይበቃል፤ አንዱ በብዛት፣ አንዱ በመጠኑ፣ አንዱ በጥቂቱ። ምሳሌ፦ ክሬም ሱሪ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ቀይ ቀበቶ። ዓይን የሚወጋው ብዙ ጊዜ የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን ሁለት ደማቅ ቀለሞች እኩል ቦታ ሲይዙ ነው።

አበባ አበባ ቀሚስ ካለዎት ሥራው ቀሏል። ጨርቁን ጠጋ ብለው ይዩትና ከአበባዎቹ መካከል ትንሽ ቦታ የያዘችውን ቀለም ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የቅጠሉ አረንጓዴ ወይም የአበባው እምብርት ቢጫ ናት። ጫማውን ወይም ቦርሳውን በዚያች ቀለም ያድርጉ። ዋናውን ቀለም ከደገሙት እንደ ዩኒፎርም ይመስላል።

ለሙቀት የትኛው ጨርቅ ይሻላል?

ጨርቁ ከከለሩ ይቀድማል። የፈለገው ያህል ያማረ ቀለም ፖሊስተር ላይ ከሆነ በስምንት ሰዓት ፀሐይ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፣ ሽታም ይይዛል። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፣ አየር ያሳልፋል። ቪስኮስም ቀዝቀዝ ያለና ቀለሙ የደመቀ ነው፤ ነገር ግን ሲረጥብ ስለሚደክም በኃይል አይጨመቅም። ሽመናውም ልዩነት አለው፤ ሳሳ ብሎ የተሸመነ ጥጥ ከወፍራም ጅንስ በብዙ ይሻላል።

ሻጩ «ንጹህ ጥጥ ነው» ካለዎት ጠብታ ውሃ ጣል ያድርጉበት። ጥጥ ወዲያው ይጠጣዋል፣ ፖሊስተር ላይ ጠብታዋ ለአፍታ ትቆማለች። አዲስ ጥጥ አንዳንዴ ማጠናከሪያ ስለሚቀባ እሱም ጠብታዋን ሊያቆማት ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን ቤት ሲደርሱ ከውስጥ ስፌቱ ዳር፣ ከተሰፋበት ክር ሳይሆን ከጨርቁ ራሱ፣ አንድ ክር መዘው በክብሪት ያቃጥሉት። ጥጥ የወረቀት ሽታ ሰጥቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። የተቀላቀለ ጨርቅ ከሁለቱም ያሳያል።

ጥቁር ይሞቃል፣ ነጭ ይቀዘቅዛል የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ጥቁር ጨርቅ የፀሐይን ሙቀት ይስባል፣ ነጭ ይመልሳል። ልዩነቱ የሚሰማው ግን ልብሱ ገላ ላይ ሲጣበቅ ነው። ሰፋ ያለና አየር የሚያስገባ ጥቁር ቀሚስ ከጠባብ ነጭ ቲሸርት የበለጠ ሊመች ይችላል።

የፀሐይ ጨረርን በመከላከል በኩል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስስ ነጭ ጨርቅ ጨረር በብዛት ያሳልፋል፤ ጠቆር ያለና ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ይሻላል። ጨርቁን ወደ ፀሐይ ይዘው ሲያዩት ብርሃኑ በግልጽ ካለፈ ጨረሩም ያልፋል። በመጋቢት መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ በቀትር ሀዋሳ ላይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። ያኔ በስስ ነጠላ ብቻ ተማምኖ ሐይቅ ዳር መዋል ትከሻን ያሳርራል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከተቀቡ ዕቃው ላይ ያለው የመከላከያ ቁጥር (SPF) 30ና ከዚያ በላይ ይሁን፤ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ አውጥተው፣ ከመውጣትዎ 15 ደቂቃ ቀድመው ይቀቡ፣ በየሁለት ሰዓቱም ይድገሙ። ጠይምም ጥቁርም ቆዳ ያስፈልገዋል።

ሰልባጅ ስገዛ ቤት ስደርስ ከለሩ ለምን ይቀየርብኛል?

ሸራው ነው። ሻጮች ከፀሐይ ለመጠለል የሚዘረጉት ሰማያዊ ወይም ብርቱካናማ ሸራ ስሩ ያለውን ልብስ ሁሉ በራሱ ቀለም ያለብሳል። በሰማያዊ ሸራ ስር ክሬሙ ነጭ ይመስላል፣ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ልብሱን ይዘው ሁለት እርምጃ ወደ ፀሐይ ይውጡ፤ ደህና ሻጭ አይከለክልም።

እግረ መንገድዎን ስፌቱን ከውስጥ ገልጠው ከላዩ ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ልብሱ ብዙ ታጥቧል፣ መፍዘዙም ይቀጥላል። ብብትና አንገት ሥር የወየበ ከሆነ ይተውት፤ ያ በሳሙና አይለቅም። ሰፊ መሆኑ ግን ችግር አይደለም። ልብስ ሰፊ ጋ ማጥበብና ማሳጠር ቀላል ሲሆን፣ ጠባብን ማስፋት ግን ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ከሌለ አይሆንም።

አዲሱ ቀይ ልብሴ ነጩን ሁሉ ሮዝ አደረገብኝ። ጨው ወይም ኮምጣጤ ይከላከላል?

አይከላከልም። ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ሲነከር የራሳቸው ሥራ አላቸው፤ ተሠርቶ ያለቀ ጨርቅ ላይ ግን የሚለቀውን ቀለም አያስሩትም። የሚሠራው ቀድሞ መፈተን ነው። የውስጡን ስፌት አርጥበው በነጭ እርጥብ ጨርቅ ለሁለት ደቂቃ ጫን ያድርጉ፤ ነጩ ከተነካካ ልብሱን ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው ያጥቡት። ብዙውን ጊዜ ከሦስት አራት እጥበት በኋላ ውሃው ይጠራል።

ዘፍዝፎ ማሳደር የተለመደ ስህተት ነው። የለቀቀው ቀለም ውሃው ውስጥ ቆይቶ መልሶ ይያዛል፣ ልብሱም ዥጉርጉር ይሆናል። ደማቅ ልብስ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይዘፈዘፍ፣ በረኪና አይንካው፣ ተገልብጦ ጥላ ውስጥ ይሰጣ። የሀዋሳ ፀሐይ ልብስ ቶሎ ስለምታደርቅ ጥላም ቢሆን አያዘገይዎትም። ሮዝ የሆነውን ነጭ በተመለከተ፣ ሳይደርቅ ከደረሱበት በብዙ ውሃና በኦሞ ደጋግሞ ማጠብ ብዙውን ያስለቅቃል። ንጹህ ጥጥ ከሆነ በጥቂት በረኪና መሞከርም ይቻላል። አንዴ ከደረቀና ከተተኮሰ ግን ሮዝ ሆኖ ቀርቷል።

ወንድ ደማቅ ሲለብስ አይከብድም?

ሀዋሳ ላይ አይከብድም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ወርዶ ማየት ነው። ለወንድ ይበልጥ የሚያሳስበው ላብ ነው። ላብን በጣም የሚያሳብቁት ግራጫና ፈዛዛ ሰማያዊ ናቸው። ነጭ፣ ጥልቅ ሰማያዊና ጥለት የበዛበት ሸሚዝ ይደብቃሉ። ጥቁር እርጥበቱን ቢደብቅም ሲደርቅ ነጭ የጨው መስመር ይተዋል። ሰፋ ያለ አጭር እጅጌ የጥጥ ሸሚዝ፣ በአንድ ደማቅ ቀለም፣ ከክሬም ወይም ከካኪ ሱሪ ጋር ለመጀመሪያ ይበቃል።

ብዙ ሳላወጣ አንድ ቀን በሀዋሳ እንዴት ልዋል?

ቀኑን ለሁለት ይክፈሉት፤ መሃሉን ለጥላ ይተዉት። ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ፀሐይ ለማንም አይሆንም።

ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ወጥተው ታቦር ተራራ ይውጡ። ጫማው ሶሉ የሚይዝ ስኒከር ይሁን፤ በሸበጥ መውጣት ይቻላል፣ ሲወርዱ ነው የሚያንሸራትተው። ከላይ ከተማውና ሐይቁ አንድ ላይ ይታያሉ። ወይም ሐይቁ ዳር ወዳለው አሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ይግቡ። አሣ አጥማጆች ሌሊት የያዙትን የሚያወጡት ጠዋት ስለሆነ ድርጊቱ ያኔ ነው፤ ቆሮሶ የሚባለው አሣ ሲገፈፍ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው ትርፍራፊ ሲጠብቁ። ጀልባ ከፈለጉም ጠዋት ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ላይፍ ጃኬት ሳይሰጡዎት አይሳፈሩ፣ ጉማሬ ጋ ጠጋ በሉ ብለው ባለጀልባውን አይገፋፉ።

አሞራ ገደል ሁለት ነገር ልብስ ያበላሻል። ከዛፉ ስር ያለው መሬት ነጭ ነጠብጣብ ከበዛበት እዚያ አይቀመጡ፤ ከላይ ወፍ አለ። ጦጣዎቹ ደግሞ ሰው ሳይሆን ምግብ ነው የሚያዩት። ሙዝ በእጅ ይዞ መሄድ ቦርሳን ለመቀማት መጋበዝ ነው፤ የሚበላ ነገር ዚፕ ባለው ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

ከአሥር ሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ ዳር በእግር መሄድ ነው። ስፕሪስ ጠጥቶ፣ ቡና ጠጥቶ መቀመጥ። ቀሚስ ለብሰው ቢስክሌት የሚከራዩ ከሆነ ጫፉን ከጉልበት በላይ በላስቲክ ይሰሩት፣ ሰንሰለቱ ይጎትተዋል። ባጃጅ ውስጥም ረጅም እስካርፍ በጎን አይንጠልጠል፤ ጎማ ከያዘው አንገት ያንቃል። ፀሐይ የምትጠልቀው በየካቲትና በመጋቢት ከ12 ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ብላ ነው። ያኔ ትንኝ ስለሚወጣና ሀዋሳ ወባ ስለማያጣት እጅጌ ረጅም ይልበሱ። ትንኝ ጠቆር ያለ ልብስ ስለሚስበው ፈካ ያለ ይምረጡ።

ቀኑን ሙሉ ከከተማ መውጣት ለሚፈልግ ወንዶ ገነት በሻሸመኔ በኩል ቅርብ ነው። ለፍል ውሃው አሮጌ የዋና ልብስ ይዘው ይሂዱ፤ ሙቅ ውሃ ላስቲኩን ያረግበዋል።

ቦርሳ ውስጥ ምን ይግባ?

ለግማሽ ቀን ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ውሃ፣ ዙሪያው ሰፋ ያለ ባርኔጣ፣ ክሬም፣ ስስ ሹራብ ወይም ነጠላ፣ የፈሳሽ ሳሙና ብልቃጥና ንጹህ ጨርቅ። ቦርሳ ራሱ ደማቅ ሊሆን ይችላል። ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ባለ ብዙ ቀለም ዘንቢል ከጠራ ነጭ ቀሚስ ጋር ሲያዝ ሌላ ጌጥ አያስፈልግም፣ ቢረጥብም ምንም አይሆንም።

ልጆችን ሐይቅ ዳር ምን ላልብስ?

ብርቱካናማ ወይም የሚያበራ ሮዝ። ይህ ለማማር ብቻ አይደለም። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫና ነጭ ውሃ ላይም ቁጥቋጦ ውስጥም ይጠፋሉ፤ ብርቱካናማ ግን በሰው መካከልም ከሩቅ ይለያል። ከአገጭ ስር የሚታሰረው የባርኔጣ ማሰሪያ ቀስ ተብሎ ሲጎተት የሚፈታ ይሁን።

ልብሱ ምንም ይሁን ምን ልጆች ዳር ላይ ውሃ ውስጥ ገብተው አይጫወቱ። ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ፤ ተውሳኩ የሚገባው በቆዳ በኩል ስለሆነ ለመያዝ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም። እግር ከነከሩ ወዲያው በፎጣ ማድረቅ ይረዳል፣ ግን ዋስትና አይሆንም።

ወጥ ወይም ማንጎ ቢፈስብኝ ምን ላድርግ?

ወጥ ከሆነ ውሃ ቀድሞ አይንካው። ወጥ ዘይት ስላለው ውሃ ሲደረግበት ይሰፋል እንጂ አይለቅም። በማንኪያ ወይም በእንጀራ ቁራጭ ጠርጎ፣ ደረቁ ጨርቅ ላይ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አድርጎ በጣት ማሸት፣ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ። ማንጎና ቡና ግን ወዲያውኑ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋሉ።

የአልጫ ቢጫ፣ ማለትም እርድ፣ በሳሙና ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ፀሐይ ግን ታጠፋዋለች። አጥበው እርጥቡን ፀሐይ ላይ ያስጡት፣ በአንድ ሁለት ቀን ይፈዛል። የበርበሬ ቀይም እንዲሁ ነው። ችግሩ ደማቅ ልብስ ከሆነ ፀሐይዋ የልብሱንም ቀለም መውሰዷ ነው፤ ስለዚህ እድፉ ያለበት ቦታ ብቻ እንዲታይ አጥፈው ያስጡት፣ በየግማሽ ቀኑም ይዩት።

ሐይቅ ዳር ስነሳ ፎቶው ላይ ከለሬ ለምን ይጠፋል?

ምክንያቱ አቅጣጫው ነው። ከተማዋ ያለችው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ከፍቅር ሐይቅ ሆነው ውሃውን ሲያዩ ፊትዎ ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁን ከጀርባ አድርገው ሲቆሙ ፀሐይም ከጀርባዎ ትሆናለች። ስልኩ ብሩሁን ውሃ ይለካና እርስዎን ያጨልማል፤ ብርቱካናማው ሸሚዝ ቡኒ ሆኖ ይወጣል።

ሐይቁ ከኋላ እንዲሆን ከፈለጉ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ጠዋት ይነሱ፤ ያኔ ብርሃኑ ፊትዎ ላይ ያርፋል። ማምሻውን ከሆነ ይዙሩ፤ ፊትዎን ወደ ሐይቁ መልሰው፣ ጀርባዎ ዛፉ ወይም ዘንባባው ሆኖ። የግድ ጀንበሯን ከኋላ ካሉ ስልኩ ላይ ፊትዎን ነክቶ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ ሰማዩ ግን ነጭ ይሆናል። ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም። የልብሱን ቅርጽ ብቻ የሚያሳይ ጥቁር ጥላ ግን ለሰፊ ቀሚስ ያምራል። አረንጓዴ ልብስ ዛፍ ፊት፣ ሰማያዊ ልብስ ውሃ ፊት እንደሚዋጥም አይርሱ።

ዱንጉዛ ወይም የሀበሻ ልብስ ለተራ ቀን ይሆናል?

ይሆናል፣ አንድ ቁራጭ ከሆነ። የጋሞ ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ ራሱ ሙሉ አለባበስ ነው። ጃኬቱን ከለበሱ የቀረው ሁሉ አንድ ወጥ ጥቁር ወይም ነጭ ይሁን፤ አበባ አበባ ቀሚስ ላይ ከደረቡት ግን ይጣላሉ። ነጠላ ከሆነ ከጥለቱ አንዱን ቀለም መርጠው ቲሸርቱን በዚያ ያድርጉ። ሳባ የሚባለው የሀበሻ ልብስ ጨርቅ ያንጸባርቃል፤ ለምሽት ይተዉት።

ፏ ብዬ ወጥቼ ሳለ ለቅሶ ቢጠሩኝ ወይም ቤተ ክርስቲያን ብገባስ?

በዚህ በኩል ነጠላን የሚተካ የለም። ለቤተ ክርስቲያን ሰፋ ያለ ነጭ ነጠላ ከላይ ሲጣፋ ስሩ ያለው ቀለም ብዙም አይታይም፤ ቀሚሱ አጭር ከሆነ ግን ነጠላው አያድንም፣ ስለዚህ ከቤት ሲወጡ የማይገመት ቀን ከሆነ ረጅሙን ይምረጡ። ለለቅሶ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻ ዞሮ ይለበሳል። ደማቁን ሻሽ ፈትተው ቦርሳ ውስጥ ይክተቱ፣ ከንፈር ላይ ያለውን ቀለም ይጥረጉ።

ቀይ ወይም ቢጫ ለብሰው ነጠላ ካልያዙ፣ ቤቱ ቅርብ ከሆነ ቀይሮ መሄድ ይሻላል። ሩቅ ከሆነ ግን ልብስ ፍለጋ ሲሉ ቀብሩ አይለፍዎት። ከጎረቤት ነጠላ ይዋሱ፣ ከኋላ ይቀመጡ፤ ለምን በዚህ ልብስ መጣህ የሚል ለቀስተኛ ቢኖር እንኳ ለምን ቀረህ ከሚለው ያንሳል። በሠልስቱ ለብሰው ተመልሰው ይሄዳሉ።